እስክስታ ሳነሳ ወይ እጅ ይጠፋል ወይ ፎቶው ይጨልማል፣ ሻተር ስፒድ እንዴት ነው የሚመረጠው?

የቦርከና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። አጎቴ ከጅዳ ሲመጣ ካኖን ካሜራ ይዞልኝ መጣ፣ ክሮፕ ሴንሰር የሚባለው ነው፣ አብሮት ያለው 18-55 ሌንስ ብቻ ነው ያለኝ። ቀን ላይ ምንም አላስቸገረኝም። ጥያቄ የሆነብኝ ማታ አዳራሽ ውስጥ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ እዛው አንድ ቦታ ቆሜ ሁለት ፎቶ አነሳሁ። አንደኛው ላይ ብርሃኑ ጥሩ ነው ግን የልጅቷ እጅ እንደ ጭስ ሆኗል ትከሻዋም ድርብ መስሏል፣ ከጀርባዋ ያለው የግድግዳ ጌጥ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ላይ ደግሞ እጇ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጣቷ ላይ ያለው ሂና ሳይቀር ይለያል፣ ፎቶው ግን ጨለማ ነው። ዝርዝሩን ከፍቼ ሳየው የመጀመሪያው 1/30 ይላል ሁለተኛው 1/250፣ ሁለቱም ላይ ኤፍ 5.6 እና አይኤስኦ 800 ነው። የመጀመሪያውን ፒ ላይ (ሻተሩንም አፐርቸሩንም ካሜራው የሚመርጥበት) ነው ያነሳሁት ሁለተኛውን ቲቪ ላይ (ሻተሩን እኔ የምመርጥበት)።

የእህቴ ሰርግ ደርሷል፣ የጭፈራውን ፎቶ እኔ ነኝ የማነሳው። እጁም እንዲታይ ብርሃኑም እንዲኖር ምን ላድርግ? ቁጥር ብቻ አትስጡኝ፣ ለምን እንደሆነ እንዲገባኝ ነው የምፈልገው።

ጦሳ ስር
አብሽሪ እህቴ ካሜራሽ ጤነኛ ነው። ቁጥሮቹን ስለጻፍሽልን ደግሞ መልሱ እዛው ቁጥሮቹ ውስጥ አለ።

ሻተር ማለት ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ፊት ያለ መጋረጃ ነው፣ ሻተር ስፒድ መጋረጃው ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ነው። 1/30 ስትዪ አንድን ሰከንድ ለ30 ቆርጠሽ አንዷን ቁራጭ ወሰድሽ ማለት ነው። ያቺ ቁራጭ ለኛ አይን ምንም አይደለችም ለወሎ እስክስታ ግን ሰፊ ጊዜ ናት፣ ልጅቷ በዛች ውስጥ ትከሻዋን ከዚህ ወዲያ አድርሳዋለች፣ ካሜራው ደግሞ መጋረጃው እስኪዘጋ ያየውን ሁሉ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ነው የሚቀበለው፣ ለዛ ነው እጇ ጭስ የሆነው። ግድግዳው ስላልተንቀሳቀሰ ቢደረብ ቢደረብ ያው ነው። 1/250 ላይ ግን እጇ ብዙም ሳይሄድ መጋረጃው ተዘጋ።

ጨለማው ከየት መጣ? ከ30 ወደ 60 ስትሄጂ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ ከ60 ወደ 125 እንደገና በግማሽ፣ ከ125 ወደ 250 እንደገና። ሶስት ጊዜ ተገመሰ፣ ስለዚህ ሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያውን አንድ ስምንተኛ ብርሃን ነው ያገኘው። እያንዳንዱ ግማሽ ወይም እጥፍ አንድ ስቶፕ ይባላል። ሶስት ስቶፕ ተበድረሻል በሌላ በኩል መክፈል አለብሽ።

ቦኖ ላይ ጄሪካን እንደምትሞዪው አስቢው። ቧንቧውን ሰፋ አድርገሽ ብትከፍቺ ቶሎ ይሞላል፣ ጠበብ ብታደርጊው ብዙ ትቆያለሽ። የቧንቧው ስፋት አፐርቸሩ ነው፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የቆየሽበት ጊዜ ሻተሩ ነው። አይኤስኦ ግን ውሃ አይጨምርም፣ የገባችውን ትንሽ ብርሃን ካሜራው ውስጥ ያጎላታል እንጂ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ነገር የለም፣ ሲያጎላት ደግሞ ፎቶው ላይ ያቺ አሸዋ የምትመስለው ኖይዝም አብራ ትጎላለች።

ስለዚህ ሶስቱን ስቶፕ የምትከፍይበት መንገድ ይኸው፦ አይኤስኦውን ከ800 ወደ 1600፣ 3200፣ 6400 ብትወስጂው ሶስት ስቶፕ ነው፣ 1/250 ላይ ሆነሽ የመጀመሪያውን ፎቶ ብርሃን ታገኛለሽ። ወይም 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 የሚባለውን ሌንስ ብታገኚ፣ ከ5.6 ወደ 4፣ ወደ 2.8፣ ወደ 2 ሶስት ስቶፕ ነው፣ 1.8 ላይ ስትደርሺ ትንሽም ትርፍ አለው፣ አይኤስኦው 800 ላይ ይቀመጣል። ወይም ያለሽን ሌንስ 18 ላይ አድርገሽ ጠጋ ብትዪ ኤፍ 3.5 ይከፈትልሻል፣ እሱም ከአንድ ስቶፕ ትንሽ ያልፋል።

እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ሻተሩን ምረጪ። ፊትሽ ያለው ነገር ምን ያህል ነው የሚንቀሳቀሰው? መቆም አለበት ወይስ እንቅስቃሴው እንዲታይ ትፈልጊያለሽ? እሱን ወስነሽ ስትጨርሺ ነው ብርሃኑን ከሌሎቹ ሁለቱ የምትፈልጊው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው፣ ብርሃኑን አስተካክሎ ሻተሩ የመጣለትን ይቀበላል፣ ከዛ እጁ ጠፋ ይላል።

ኩታበር
6400?? ኧረ በአላህ! አይኤስኦ ከ800 በላይ መውጣት ፎቶ ማበላሸት ነው። እኔ ከ800 አልፌ አላውቅም አላልፍምም። ሻተሩን 1/60 አድርጊና ካሜራውን አጥብቀሽ ያዢ፣ በቃ።

ጦሳ ስር
አያ ኩታበር፣ አጥብቆ መያዝ የሚያድነው ከራሷ እጅ መንቀጥቀጥ ነው እንጂ ከልጅቷ ትከሻ አይደለም። ትራይፖድ ላይ ብትሰቅለውም 1/60 ላይ እስክስታ ይጠፋል። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያም ያው ነው፣ የሚያረጋጋው ካሜራውን ነው እንጂ ጨፋሪውን አይደለም።

ኖይዝ ያለበት ፎቶ ታትሞ በአልበም ሲገባ ብዙም አይታይም፣ በስልክ ሲላክማ ጭራሽ አታየውም። የጠፋ እጅ ግን የትም ሶፍትዌር ላይ ብትወስደው አይመለስም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፣ ኖይዝ ፈርተህ 800 ላይ ጨለማ አንስተህ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሶስት ስቶፕ ብታነሳው ያ ኖይዝ እዛው ይወጣብሃል፣ በብዙ ካሜራ ላይ እንዲያውም መጀመሪያውኑ በትክክለኛው አይኤስኦ ከተነሳው የባሰ ነው፣ ጄፔግ ከሆነ ደግሞ ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ይቆራረጣል።

ጋሽ ዜኒት
ሰላም ልጆች። እኔ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት በፊልም ዘመን ብዙ ዓመት የሰራሁ ነኝ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ክርክራችሁ ደስ ስላለኝ ነው የገባሁት።

ልጄ የቦርከናዋ፣ ፎቶ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የደበዘዘበትን ምክንያት መለየት ልመጂ፣ ሶስት ዓይነት ነው መድኃኒቱም ሶስት ነው። ግድግዳውም ሰውዬውም አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጅሽ ነው የተንቀጠቀጠው። ግድግዳው ደህና ሆኖ ሰውዬው ብቻ ከተሳበ እሱ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ያንቺ እንደዛ ነው። ምንም ሳይሳብ ሰውዬው ለስልስ ብሎ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ሌላ ነገር ቁልጭ ካለ ደግሞ ፎከሱ ሌላ ቦታ ነው ያረፈው፣ እሱን ሻተር አያድነውም። ፎቶውን አጉልተሽ የጆሮ ጌጡን እዪው፣ ነጥብ የነበረችው ብልጭታ መስመር ከሆነች መሳብ ነው፣ ክብ ሆና ከሰፋች ፎከስ ነው። ይህችን ነገር ያወቀ ሰው ፎቶ በተበላሸ ቁጥር ካሜራ አይቀይርም።

ለእጅ መንቀጥቀጥ እኛ የምንጠቀምበት መለኪያ የሌንሱ ቁጥር ነበር፣ 50 ሌንስ ከሆነ ከ1/50 አትውረድ፣ 135 ከሆነ ከ1/135 አትውረድ። ያንቺ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ በ1.6 አባዢው፣ 55 ላይ ስትሆኚ 88 ይመጣል፣ ከ1/100 አትውረጂ ማለት ነው።

የዛን ጊዜ የሩሲያው ዜኒት ኢ ሻተሩ 30፣ 60፣ 125፣ 250፣ 500 እና ቢ (ጣትህን እስክታነሳ ክፍት የሚቆየው) ብቻ ነበረው፣ ሌላ የለም። ፊልሙም ገብቶ ከተዘጋ በኋላ አይኤስኦው ያው የፊልሙ ነው፣ እስኪያልቅ አይቀየርም። ስለዚህ ጭፈራ ስናነሳ በ60 እና በ125 ነበር ሰው የምናቆመው። እንዴት ቆመ ትሉኛላችሁ፣ የሚዘልል ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይወርድ በፊት ለቅጽበት ይቆማል። ትከሻም እንደዛው ነው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ሊመለስ ሲል ይቆማል። ከበሮውን ወይም ጭብጨባውን ሰምታችሁ ቀድማችሁ ከተጫናችሁ በ125 ትይዙታላችሁ። ደግሞ ወደናንተ የሚመጣ ነገር ከጎን ወደ ጎን ከሚያልፍ ነገር ይልቅ ፎቶ ላይ ትንሽ ነው የሚሳበው። ከጎን ቆመሽ 1/500 የሚፈልግ ጭፈራ ከፊት ለፊት ቆመሽ በ1/250 ይበቃዋል። ቦታሽን ምረጪ።

የቦርከና ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጦሳ ስር አንተም ተባረክ። የጆሮ ጌጧን አጉልቼ አየሁት፣ እውነትም መስመር ሆናለች። አሁን ማታ ቤት ውስጥ ወንድሜን አስጨፍሬ 1/250 ከአይኤስኦ 6400 ጋር ሞከርኩት፣ ቆመ፣ ብርሃኑም አለ፣ ኖይዙ እንደፈራሁት አይደለም። ግን ሌላ ጉድ መጣ፣ ፎቶው ላይ አግድም የሆነ ጥቁርና ቢጫ መስመር መስመር አለው፣ አንዱ ላይ አለ አንዱ ላይ የለም። ሻተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

ሐይቅ ዳር
አልተበላሸም። ቤታችሁ ውስጥ ያለው አምፖል ኤልኢዲ ነው አይደል? የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል፣ አይናችን አያየውም። የድሮው ሽቦ አምፖል ሽቦው ስለሚግል ብዙም አይለዋወጥም ነበር፣ ርካሹ ኤልኢዲና ሸምበቆ መብራቱ ግን ደህና አድርጎ ነው የሚወርደው። 1/250 ስታነሺ ከአንዱ ብልጭታ ግማሹን እንኳን ሳትይዢ ነው የምትዘጊው፣ መጋረጃው ደግሞ ሴንሰሩን ሁሉ በአንዴ አይከፍትም፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ሲሄድ መብራቱ ከፍ ሲል ያገኘው ቦታ ይበራል ዝቅ ሲል ያገኘው ይጨልማል። መስመሩ እሱ ነው።

መድኃኒቱ 1/100 ወይም 1/50 ነው፣ ያኔ ብልጭታውን ሙሉ ትይዢዋለሽ መስመሩ ይጠፋል። ችግሩ 1/100 ለእስክስታ ይዘገያል፣ ጋሼ እንዳሉት ጫፏን ጠብቀሽ ካልያዝሽው በቀር። አንዳንድ አዳዲስ ካሜራ ላይ አንቲ ፍሊከር የሚል አለ፣ ሜኑው ውስጥ ፈልጊ፣ ካለ አብሪው፣ መብራቱ ከፍ ሲል ጠብቆ ነው የሚያነሳልሽ።

እና ሰርግ ላይ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ከተነሳ ደግሞ ትንንሾቹ ጄኔሬተሮች 50 ላይ አይቆሙም፣ ጭነት ሲበዛ ይወርዳሉ ሲቀንስ ይወጣሉ። ያኔ 1/100 ላይም መስመር ልታገኚ ትችያለሽ። ደጋግሞ ማንሳት ነው፣ አምስት ስድስቱን በተከታታይ ልቀቂው አንዱ ንጹህ ይወጣል።

ወይና አምባ
እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ ልጨምርልሽ። ይሄን ሁሉ የሚገላግልሽ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ሲኖር ሰውየውን የሚያቆመው ሻተሩ ሳይሆን ራሱ ፍላሹ ነው፣ ብልጭታው ጉልበቱን ቀነስ ስታደርጊው ከ1/1000 ሰከንድም ያንሳል። ሻተሩ ያኔ ስራው የጀርባውን ብርሃን መጨመርና መቀነስ ነው። 1/200 ላይ አድርጊው፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 400 ወይም 800። የአዳራሹ መብራት ትንሽ ይገባል ጨፋሪዋም ትቆማለች።

ከ1/200 ግን አትለፊ፣ ያንቺ ዓይነት ካሜራ ላይ ገደቡ እዛ ጋር ነው። ለምን መሰለሽ፣ ሻተሩ ሁለት መጋረጃ ነው ያለው፣ አንዱ ይከፍታል አንዱ ተከትሎ ይዘጋል። እስከ 1/200 ድረስ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚቆይበት ቅጽበት አለ፣ ፍላሹ እዛ ላይ ነው የሚበራው። ከዛ በላይ ስትሄጂ ግን የመጀመሪያው ሳይጨርስ ሁለተኛው ይነሳል፣ በመሀላቸው ያለችው ቀጭን ክፍተት ብቻ ናት ሴንሰሩ ላይ የምታልፈው፣ ፍላሹ ሲበራ ከፊሉ ተሸፍኖ ያገኘዋል፣ ፎቶው ላይ ጥቁር ቀበቶ ይወጣል።

ጋሽ ዜኒት
ትክክል ነው ልጄ። ዜኒት ላይ ያ ገደብ 30 ነበር። በ60 ፍላሽ ያነሳ ሰው ግማሽ ሙሽራ ነበር የሚያጥበው።

ወይና አምባ
አዎ ጋሼ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ፍላሹን ፊቷ ላይ አታድርጊው፣ ራሱ ካሜራው ላይ ብቅ የሚለውም ፊት ያነጣል ላብ ያሳያል። ውጫዊ ፍላሽ ከሆነ አንገቱን ወደ ጣሪያ አዙሪው፣ ብርሃኑ ጣሪያ መትቶ ለስልሶ ይወርዳል። ይሄ የሚሰራው ነጭ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ዳስ ከሆነ ተጠንቀቂ፣ ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራዋ ሰማያዊ ትሆናለች ቢጫ ከሆነ ቢጫ፣ በተለይ ነጭ ቀሚሷ ላይ ያስታውቃል። ዳስ ውስጥ ከሆንሽ ወይ ጣሪያው በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ፍላሹን ወደ ጎን አዙሪው፣ ነጭ ግድግዳ ካለ እሱ ላይ፣ ከሌለ ደግሞ ፍላሹን ተይውና በ50 ሚሊዋ ሌንስ ስሪ።

የቪዲዮ ልጆቹንም ልመጂያቸው። የእነሱ መብራት ጨፋሪው ላይ ሲወድቅ ብርሃን ይሞላል፣ ግን ርቀቱ ግማሽ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ሁለት ስቶፕ ማለት ነው። ሰውዬው መብራቱን ይዞ ሁለት እርምጃ ጠጋ ባለ ቁጥር የሙሽራዋ ፊት ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ከሱ ጎን ቁሚ፣ እሱ ሲጠጋ አብረሽ አይኤስኦውን አውርጂ።

ባቲ 08
ክሩን ከላይ እስከታች አነበብኩት አላህ ይስጣችሁ። የኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ብርሃን በዝቶብኛል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል ተራውን አነሳለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ እንደምታውቁት ነው፣ የካሜራው ስክሪን ምንም አይታይም፣ ጨለመ ነጣ ማወቅ አልቻልኩም። ቤት ሄጄ ነው የማየው። ጋሼ ያኔ ስክሪን ሳይኖር እንዴት ነበር የምታውቁት?

ጋሽ ዜኒት
የፊልሙ ካርቶን ውስጠኛ ክዳን ላይ ይጻፍ ነበር ልጄ። ጥርት ያለ ፀሐይ ከሆነ አፐርቸሩን 16 ላይ ታደርጋለህ፣ ሻተሩን ደግሞ የፊልሙን ቁጥር ታስመስለዋለህ፣ 100 ፊልም ከሆነ 125። ያልቃል። የባቲ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ያንተ ካሜራም ላይ አይኤስኦ 100 አድርገህ ይሄው ነው የሚሰራው። ግመሉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ አፐርቸሩን ሁለት ስቶፕ ክፈተው ወደ 8፣ ሻተሩን ሁለት ስቶፕ አፍጥነው ወደ 500፣ የሚገባው ብርሃን ያው ነው፣ ግመሉ ግን ቆመ። 5.6 ብታደርገው 1000 ይሆንልሃል። ዳመና ከሆነ ከ16 ፈንታ 8፣ ደሴ እንደሚሆነው ሰማዩ ድፍን ካለ ወይም ጥላ ስር ከሆነ 5.6። ይህችን ከያዝክ ስክሪን አያስፈልግህም።

ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ ቆብ ያደረገ ወይም ጥምጣም የጠመጠመ ሰው አይኑ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ የትኛውም ቁጥር አያወጣውም። ዛፍ ጥላ ውስጥ አስገብተህ በ5.6 አንሳው፣ አሸዋው ከታች ብርሃን ይመልስለታል።

ጦሳ ስር
ባቲ 08፣ ጋሼ ባሉት ላይ ሂስቶግራም የሚባለውን አብራው። ያ ተራራ የሚመስለው ግራፍ ፀሐይ ላይም ይታያል። ተራራው በቀኝ በኩል ግድግዳውን ደግፎ ከቆመ ነጩ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ የተቃጠለ ደግሞ አይመለስም። በግራ ተደግፎ ከሆነ ጥላው ሞቷል።

ላስታ
ነጭ ካነሳችሁ አይቀር እኔም ልግባ። እኛ ጋ ላሊበላ ገና ሲሆን ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ካህናቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ዙሪያውን ቆመው ታችም ግቢው ውስጥ ሌሎቹ ቆመው አብረው ወዲህ ወዲያ ሲሉ ሁሉም ነጭ ነው የለበሰው። ካሜራ ደግሞ ነጭ አያውቅም። ሚተሩ (ብርሃን መለኪያው) ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ አማካኝ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ነጭ ሲሞላበት በዛ ብሎ ይቀንሰዋል፣ ነጠላው አመድ ይመስላል የካህኑ ፊት ደግሞ ጥቁር ይሆናል። የኤክስፖዠር ማካካሻውን ፕላስ አንድ ማድረግ ነው፣ ነጩ ነጭ ይሆናል ፊቱም ይወጣል። ጥቁር አባያ የለበሱ እናቶች ፍሬሙን ከሞሉት ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ማይነስ አንድ፣ አለበለዚያ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ፊታቸው ይነጣል። ደሴ ላይ ክረምት ጉሙ ሲወርድም ያው ነው፣ ጉሙን ግራጫ ጭቃ ያደርገዋል፣ ፕላስ ስጡት።

አፋፉ ላይ ያሉት ፀሐይ ሲነካቸውና ታች ያሉት ጥላ ውስጥ ሲሆኑ ግን ሁለቱን በአንድ ፎቶ በደንብ መያዝ አይቻልም፣ መምረጥ ነው። እኔ ሁሌም ለፀሐዩ ነው የምለካው፣ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው፣ ጥላውን በኋላ ትንሽ አነሳዋለሁ።

ደግሞ ሁሉን ነገር ማቆም ላይ ብቻ አታተኩሩ። ያን መወዛወዝ 1/250 ላይ ካነሳችሁት የቆሙ ሰዎች ናቸው፣ ዜማው የለበትም። ካሜራውን ድንጋይ ላይ ወይም ትራይፖድ ላይ አስቀምጣችሁ በ1/8 ወይም በ1/4 አንሱት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ቁልጭ ይላል ነጠላዎቹ እንደ ማዕበል አንድ ላይ ይሄዳሉ። መቋሚያውን ተደግፎ ሳይንቀሳቀስ የቀረ አንድ ካህን ከተገኘ እሱ መሀል ላይ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ያ ፎቶ ለኔ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ስልክ ብቻ
እሺ ካሜራ የሌለን ሰዎችስ 😊 ስልኬ ፕሮ ሞድ አለው። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ አብሬ ዞሬ ባጃጁ ቁልጭ ጀርባው የተሳበ ፎቶ ላነሳ ብዬ ሻተሩን 1/30 ሳደርገው ፎቶው ሙሉ በሙሉ ነጭ ወረቀት ሆነ። አይኤስኦ ዝቅተኛው ላይ ነው። ለምን?

ጦሳ ስር
የስልክ አፐርቸር ብዙ ጊዜ አይንቀሳቀስም፣ ኤፍ 1.8 አካባቢ ተከፍቶ የቀረ ነው። ያ ማታ ጥሩ ነው ቀን ግን መዝጊያ የለህም። ጋሼ ያሉትን ህግ አስበው፣ ፀሐይ ላይ 1/125 ለማንሳት ኤፍ 16 ነው የሚፈልገው፣ አንተ 1.8 ላይ ነህ፣ ከስድስት ስቶፕ በላይ ብርሃን ተርፎሃል፣ 1/30 ስታደርገው ሁለት ስቶፕ ጨመርክበት። ነጭ ባይሆን ነው የሚገርመው። ወይ ሌንሱ ፊት የሚደረግ ጥቁር ማጣሪያ ይግዙልህ፣ ወይ ፀሐይ ከገባ በኋላ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጣ። ያኔ 1/30 ይገባልሃል፣ የባጃጁ መብራትና የሱቆቹ ኒዮን መስመር ሆነው ያልፋሉ። ከመጫንህ በፊት መከተል ጀምር፣ ተጭነህም አታቁም፣ ከወገብህ ዙር እንጂ በእጅህ አትከተል።

ናይት ሞዱን ግን ለሚንቀሳቀስ ነገር አትጠቀምበት፣ ብዙ ፎቶ አንስቶ ነው የሚደርበው፣ ሰው ከተንቀሳቀሰ መንፈስ ይሆንብሃል።

የቦርከና ልጅ
በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ይሄን ያህል ሰው ይመልስልኛል አላልኩም። ላረጋግጥ፣ ሰርጉ ላይ አዳራሹ ውስጥ ኤም ሞድ ላይ ሆኜ ልጀምር ወይስ ቲቪ ላይ? ላስታ ያልከው ፕላስ ማይነስ ደግሞ ሙሽራዋ ነጭ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ሲሆኑ ምን ልሰጠው ነው?

ወይና አምባ
ኤም፣ ሁሉንም ራስሽ የምትመርጪበት። አዳራሽ ውስጥ ብርሃኑ አይቀየርም፣ የሚቀየረው ፊትሽ የሚመጣው ልብስ ነው። ቲቪ ላይ ብትሆኚ ሙሽራዋ ፍሬሙን ስትሞላ ያጨልማል ሙሽራው ሲሞላ ያነጣል፣ አንዱ ፎቶ ከአንዱ አይመሳሰልም። ቀደም ብለሽ ግቢ፣ አንድ ሰው መጨፈሪያው መሀል አቁሚ፣ ፊቱ ደስ የሚልሽ ብርሃን እስኪያገኝ አስተካክዪ፣ ከዛ እሱን ቁጥር ይዘሽ ነጭም ይምጣ ጥቁር ይምጣ አትንኪው፣ የቪዲዮው መብራት እስካልተጠጋ ድረስ። ውጭ ግቢ ስትወጪ ግን ዳመናውና ፀሐዩ ስለሚፈራረቅ ቲቪ ላይ አድርገሽ አይኤስኦውን አውቶ ስጪው፣ 1/500 ይበቃሻል፣ ያኔ ነው ፕላስ ማይነሱ የሚጠቅምሽ።

ኩታበር
ጦሳ ስር፣ ትናንት ማታ 3200 ላይ ሞከርኩት። አትሜም አየሁት በፖስትካርድ መጠን። ወላሂ ደህና ነው፣ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ። 6400 ላይ ግን አሁንም አልስማማም፣ የኔ ካሜራ አሮጌ ስለሆነ ጥቁሩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያመጣል።

ጦሳ ስር
ልክ ነህ እሱ በካሜራው ይለያያል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካሜራ በየአይኤስኦው አንስቶ አሳትሞ የሚያቆምበትን ማወቅ አለበት፣ ከስክሪን ላይ ሳይሆን ከወረቀት።

የቦርከና ልጅ
እሺ የመጨረሻ። ፍላሽ መግዛት አሁን አልችልም፣ የአባቴ የድሮ ፍላሽ ግን ቤት አለ ባትሪ ሲገባለት ይበራል። እሱን ካኖኑ ላይ ብሰካው ይሰራል?

ጋሽ ዜኒት
እንዳትሰኪው ልጄ! መጀመሪያ ይለካ። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ ካሜራው የሚነካቸው ነጥብ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ያወጣሉ፣ የኛ ዜኒት ብረት ስለሆነ ምንም አይለውም ነበር፣ የዲጂታል ካሜራ ግን ውስጡ ሊቃጠል ይችላል። ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ጋር ውሰጂው፣ ባትሪ አስገብታችሁ አብሩትና ቀይዋ መብራት ስትመጣ በቴስተር ከስር መሀል ላይ ያለውን ነጥብና ከጎን ያለውን ብረት ዲሲ ላይ አድርጎ ይለካልሽ። እጅሽን አታስነኪ። መቶ ቤት ከገባ እርሺው። ጥቂት ቮልት ከሆነ የካሜራሽ ማንዋል ላይ ከተጻፈው ገደብ ጋር አስተያይተሽ ነው የምትሰኪው፣ ከተሰካም ራሱ አያስተካክልም፣ ጀርባው ላይ ያለችው ሰንጠረዥ ላይ ርቀቱን አይተሽ አፐርቸሩን በእጅሽ ነው የምታስተካክይው፣ ሻተሩ ደግሞ ከ1/200 አይለፍ፣ አሮጌ ስለሆነ እንዲያውም 1/125 ይሻልሻል።